የማይጋባው ነቀርሳ

ጥር 5 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ ገባን። አውቶቡሱ ዓባይ በረሃን ሲወርድ ግራ ጎኔን በቀኝ እጄ ደግፌ ነው የመጣሁት። ጎኔ እላለሁ። ጡቴ ማለት ትቻለሁ፤ የሌለ ነገር ስም ጠርቼ ምን አደርጋለሁ።

ወለላ በር ላይ ጠበቀችን። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ያየችው አይበቃትም፣ መንካት አለባት። ፋሻውን በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ «ያማል?» አለችኝ። «ሲነኩት ብቻ» አልኋት። «እንግዲያው አልነካም» ብላ በቀኝ በኩል ዞራ ገብታ ተኛች። አባቷ አምሐ አልጋው ለሦስት አይበቃም ብሎ ሳሎን ወንበር ላይ አደረ። ለሦስት ስንተኛበት ስድስት ዓመታችን ነው።

ይህን ደብተር የያዝሁት እጄ ሥራ ስለ ፈታ ነው። እኔ ታይፒስት ነኝ፤ ጣቶቼ የሚመቱት ካላገኙ ጠረጴዛ ይመታሉ። ግራ ክንዴ እስኪያርፍ ታይፕ ተከልክያለሁ። ዕድሜዬን የሌላ ሰው ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ኖሬ የራሴን ነገር ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። «ጓዶች» ብዬ ልጀምር ምንም አልቀረኝ።

የሚቀጥለው እንዲህ ነው። ጨረር የሚባል ሕክምና ያስፈልገኛል፤ መሣሪያው አገራችን የለም፤ ስለዚህ የሐኪሞች ቦርድ ተሰብስቦ ወደ ውጭ ይልከኛል። የአዲስ አበባው ሐኪም ይህን ሲነግረኝ ፈገግ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማው አምሐ ነው፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ልብሴን እለብስ ነበር። ምን አለህ ብዬ ብጠይቀው «ያንኑ ነው» አለኝ።

ወገቤን አሞኛል። የአውቶቡሱ ወንበር ነው።

ጥር 8

እናቴ ለጥምቀት ከይፋግ እመጣለሁ ብለው ላኩብን። እናቴ እማሆይ ወለተ ኪዳን ናቸው። አባቴ መሪጌታ ገብረ መስቀል ካረፉ በኋላ ቆብ ደፉ፤ ከዚያ ወዲህ እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ እማሆይ፣ እርስዎ እላቸዋለሁ። አዲስ አበባ የሄድሁት እብጠት ላስወጣ ነው ተብሎ ነው የተነገራቸው።

አምሐን ከእብጠቱ አልፈህ አንዲት ቃል እንዳትናገር ብዬዋለሁ። እሺ ብሏል። ጎርጎራ የምትመላለሰው መርከብ መካኒክ ነው፤ ከሞተር ጋር ሲታገል ስለሚውል ከሰው ጋር መታገል አይችልም፤ አጥብቀው ከጠየቁት ይናገራል። ፈርቻለሁ።

ጥር 13

ወጣ።

ትናንት የሚካኤልን ታቦት ሸኝተን ስንመለስ እማሆይ አምሐን ጓሮ ይዘውት ሄዱ። «ለእብጠት ተብሎ አዲስ አበባ አይኬድም። እውነቱን ንገረኝ» አሉት። እሱም «ነቀርሳ ነው አሉን» ብሎ አረፈው።

እኔ ከመስኮቱ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ጩኸት ጠበቅሁ። እማሆይ ግን «ተመስገን» አሉ። ደግመው «ተመስገን አምላኬ» አሉ። «እኔ እኮ ስሙ የማይታወቅ ነገር መስሎኝ ነበር። ነቀርሳማ መድኃኒት አለው፤ ነቀርሳማ ይድናል» እያሉ ወደ ቤት ገቡ።

የገባኝ ቆይቶ ነው። እማሆይ የሚያውቁት ነቀርሳ የሳንባውን ነው። እኛ ዘንድ ሁለቱም ነቀርሳ ነው፤ የሚያስለውም ነቀርሳ፣ የኔውም ነቀርሳ። ታናሽ እህታቸው ወለተ ሩፋኤል በዚያኛው ነው የሞተችው። ጎንደር ሆስፒታል መርፌ ጀምራ፣ ሻል ሲላት አቋርጣ፣ ተመልሶ ጣላት። የምታጠባው ልጅም ከእሷ ተጋብቶበት አብሮ ሄደ። አብራት መርፌ የጀመረችውና እስከ መጨረሻው የተወጋችው ጎረቤት ግን እስከ ዛሬ አለች፤ ይፋግ ገበያ ጌሾ ትሸጣለች።

«በጡትሽ በኩል ሊወጣ ሲል ነው የቆረጡልሽ» አሉኝ እማሆይ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው። «ሥሩ ያለው ሳንባሽ ላይ ነው። እሱን በመርፌ ያደርቁታል።»

«እማሆይ፣ እኔ አልስልም እኮ።»

«ገና ስለሆነ ነዋ። በጊዜ ደረሱልሽ።»

ፊታቸው እንደዚያ በርቶ ያየሁት አባቴ በሕይወት ሳሉ ነው። ምን ልበላቸው? የኔው ሌላ ነው፣ መድኃኒቱም ባሕር ማዶ ነው ልበል? ነገ እነግራቸዋለሁ።

ማታ ወለላን ከአልጋዬ አነሷት። «የእናትሽ በሽታ ይጋባል። እስክትድን ድረስ ከኔ ጋር ነው የምትተኝው» አሏት። ልጄ ወደኔ አየች። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

ጥር 15

ብርጭቆዬ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ማንኪያዬም ተለይቷል። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ጥር 17

ወለላ ውሃ አመጣችልኝ። በሩ ላይ ቆማ አየር ሳበች፣ ጉንጯን ነፋች፣ ሮጣ ብርጭቆውን አስቀምጣ ሮጣ ወጣች። ከውጭ እፎይ ስትል ሰማኋት። እማሆይ ናቸው ያስተማሯት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ትራሱን አፌ ላይ አድርጌ እንዳይሰሙኝ ሆኜ አለቀስሁ።

ልነግራቸው ተነስቼ ነበር። እማሆይ ግን ከጊዮርጊስ ስለት ተስለው ነው የተመለሱት። እኔ ስድን ጃንጥላ ሊያስገቡ። የጃንጥላውን ቀለም ሳይቀር መርጠዋል። አፌን ይዤ ተመልሼ ተኛሁ።

ጥር 24

ሕገ መንግሥቱን ልናጸድቅ ቀበሌ ተሰለፍን። በረቂቁ ላይ ሲወያዩ ቃለ ጉባኤውን የመታሁት እኔ ስለሆንሁ ምን እንዳለበት ከሊቀ መንበሩ የተሻለ አውቃለሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ያች ናት?»

«አዎ፣ እሷ ናት። ወደ ውጭ ይልኳታል አሉ።»

«ልጅ አላት?»

«አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፣ ትንሽ ናት።»

«ውይ።»

ስለኔ ጡት ሲያወሩ ልጄን ምን አመጣት? ዞር ብዬ ልጠይቃቸው ነበር፣ ተራዬ ደረሰ። ወገቤ ለሁለት የሚቆረጥ መሰለኝ። መቆም ነው፤ እንደዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ያመዋል።

የካቲት 2

ዶክተር ዳኘው አስጠራኝ። የዚህ የኛው ሆስፒታል ሐኪም ነው፤ ዕድሜው ከኔ ያንሳል፣ ግን አንቱ ሳይለኝ አያነጋግረኝም። ከአዲስ አበባ በስልክ ነግረውታል።

«የብብትዎ ዕጢ ውጤት ደርሷል» አለኝ። «ጨረሩ አያስፈልግም ብለዋል። ውጭ መሄዱም ቀርቷል። በምትኩ እዚሁ መርፌ እንጀምርልዎታለን።»

አያስፈልግም። ከውጭ ጉዞ ቀርቶ እንደኔ የተደሰተ ሰው ይህ ከተማ አይቶ አያውቅም። ቢብስብኝ ኖሮ ያስፈልጋታል ይሉ ነበር። የማያስፈልገው ላልባሰበት ሰው ነው። ለአምሐ ስነግረው «ጥሩ ነው» አለና የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ክሩ ታስሮ ነበር።

እማሆይ «መርፌ» የምትለዋን ቃል እንደሰሙ እልል አሉ። «አላልሁም? አላልሁም ልጄ?» እያሉ ወለላን አቅፈው ከበሩ ላይ አሳዩኝ። አሁን ብነግራቸውስ ማን ያምነኛል? መርፌው ራሱ መሰከረላቸው።

የካቲት 6

መርፌ። ባልዲ። ደግሞ ባልዲ። እማሆይ በአንድ እጃቸው ግንባሬን፣ በሌላው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው። ወለላ ከበሩ ውጭ። «እናትሽ እየዳነች ነው» ይሏታል። መጻፍ አልችልም።

የካቲት 11

እማሆይ ወለላን ወደ ይፋግ ይዘዋት ሄዱ።

ትናንት ጾሙ ሳይገባ ልሂድ አሉ፤ ልጅቱንም ይዤ። «አልሰጥም» አልሁ። አልጋ ላይ ሆኜ ነው ያልሁት፤ ከባልዲ ጋር ሆኖ አልሰጥም ማለት ብዙ አያስፈራም።

«ባንቺአየሁ» አሉኝ። በስሜ ሲጠሩኝ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። «እኔ የወለተ ሩፋኤልን ሕፃን በገዛ እጄ ገንዣለሁ። ሁለተኛ አልገንዝም። እኔ እዚህ እያለሁ እንኳ ሾልካ እየገባች ልብስሽን ታሸታለች፤ አይቻታለሁ።»

ልብሴን እንደምታሸት አላውቅም ነበር።

ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። «እማሆይ፣ የኔው አይጋባም።» ይህችው ናት፤ አንድ መስመር አትሞላም። ግን ከእሷ ቀጥለው የሚጠይቁኝን አውቀዋለሁ። ለዚያኛው መልስ የለኝም።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። አምሐ ወለላን አቅፎ ሲስም፣ ሲስም ቆየ፤ እሱ ይፈቀድለታላ። እኔ በአውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆሜ እጄን አወዛወዝሁ። እሷም ከመስታወቱ ውስጥ አወዛወዘች፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ የምትለው አይሰማኝም።

የካቲት 17

ትናንት ዐቢይ ጾም ገባ። የነፍስ አባቴ እንዳልጾም ፈቅደውልኛል፤ ሐኪሙ አዝዟል። ባዶ ቤት ውስጥ በቀይ ክር ብርጭቆ ወተት እጠጣለሁ። ክሩን የሚፈታው ጠፋ። እኔም አልፈታሁትም።

ፀጉሬ በእጅ በእጅ እየወጣ ነው። እናትዓለም መጣች። አብራኝ የምትሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ሐዘን ቤት ገብታም ታስቃለች። «አቦ አንቺ ደግሞ፣ ፀጉር ነው እንጂ የወደቀው ጭንቅላትሽ አይደል» አለችና በሻሽ ጥፍንግ አድርጋ አሰረችልኝ። «ይኸው፣ አራዳ ሆነሻል። ወንዶቹ ቢሮ እስክትመጪ እየጠበቁሽ ነው።»

«ጠረጴዛዬ ደኅና ነው?» አልኋት።

«ጠዋት ስገባ አንድ አዲስ ልጅ ተቀምጣበት አየኋት። ጠየኩ። ለጊዜው ነው አሉኝ።» ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። እናትዓለም በሳቅ ሳትጨርስ ስትሄድ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

የካቲት 30

ሁለተኛው መርፌ። ደምሽ አንሷል ብለው ሊያቆዩት ነበር፣ በኋላ ወጉኝ።

ወገቤ አላስተኛኝ አለ። አምሐ ከፍራሹ ሥር ሳንቃ አስገባልኝ። ከመርከቧ ወለል የተረፈ ስለሆነ አልጋችን ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ፍራሹ ነው ያረጀው አልሁ። አዎ ፍራሹ ነው አለ። ከዚያ ተጣላን።

«ንገሪያቸውና ልጃችን ትምጣ» አለኝ።

«አንተ ንገራቸው። ነቀርሳ ብለህ የጀመርኸው አንተ ነህ።»

«እኔ የተባልሁትን ነው ያልሁት።»

«ታዲያ ቀሪውንም በላቸዋ።»

«ቀሪው ምንድን ነው?» ብሎ ዐይኔን አየኝ። ቀድሜ ዐይኔን የመለስሁት እኔ ነኝ።

ወጥቶ ጣና ዳር ሄደ። በመስኮት ይታየኛል፤ ከደንገሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሲጋራ አያጨስ፣ አይጠጣ፣ ዝም ብሎ ውሃውን ያያል። መጥራት ነበረብኝ። አልጠራሁትም፤ ኩራት ይዞኝ።

መጋቢት 9

የጎንደር አውቶቡስ ሾፌር ከእማሆይ የተላከ በሶና መልእክት አደረሰን። ወለላ ጥርሷ ወልቋል። የመጀመሪያው።

ጣሪያ ላይ ስትወረውረው ማን አነሳት? አጭር ናት፤ ብቻዋን አይደርስላትም። እኔ ነበርሁ ማንሳት ያለብኝ። «ደኅና ናት፣ ትጫወታለች። እናቴ መርፌዋን ጨረሰች ወይ ብላ ጠይቃኛለች» አለ ሾፌሩ። በሶውን እየበላሁ ማልቀስ ጀመርሁ። በሶ እየበሉ ማልቀስ አይቻልም፤ ትን አለኝ፣ አምሐ ጀርባዬን መታ።

ምን ዓይነት እናት ናት፣ ልጇን በአንድ ቃል ማስመለስ እየቻለች የማታስመልስ? የእናቴን ደስታ ላላበላሽ ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው። እማሆይ በተደሰቱ ቁጥር እኔም አብሬ እደሰታለሁ። በእሳቸው ሐሳብ ውስጥ እኔ የምድን ሰው ነኝ። ሌላ የትም ቦታ እንደዚያ አይደለሁም፤ አምሐ ዘንድ አይደለሁም፣ ቢሮም አይደለሁም። ከእሳቸው ሐሳብ መውጣት ፈርቼ ነው ልጄን የሰጠሁት።

ይህን ጽፌ ልሰርዘው ነበር። ይቆይ።

መጋቢት 16

ዶክተር ዳኘው ወገቤን ራጅ አስነሳኝ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ብዙ አየ። ጎንበስ ብሎም አየ፣ ራቅ አድርጎም አየ።

«መርፌውን እናቁም» አለኝ። «ከእንግዲህ አያስፈልግም። ለሕመሙ ጥሩ ኪኒን አዝዝልዎታለሁ።»

ጨረሩ አያስፈልግም ተባለ። አሁን ደግሞ መርፌው አያስፈልግም። እንዲህ ከቀጠለ ምንም የማያስፈልገኝ ሰው ልሆን ነው። ስወጣ ብርቱካን ገዝቼ ቤት ገባሁ፤ ጣፈጠኝ። ባልዲውን አጥቤ ጓሮ ደፋሁት። ፀጉሬም ይበቅላል፣ ወለላም ትመጣለች።

አምሐ ብርቱካኑን ልጦ በእጁ እንደያዘ ቀረ። «ብላ እንጅ» አልሁት። «እበላለሁ» አለ። ጠዋት ሳየው ጠረጴዛው ላይ ደርቋል።

መጋቢት 21

በዚያው ሾፌር ላክሁ፦ መርፌው ቆሟል፣ ወለላ ትምጣ ብዬ። መልሱ ዛሬ መጣ። ሾፌሩ የእማሆይን ድምፅ ሳይቀር አስመስሎ ነው ያደረሰው።

«ወለተ ሩፋኤልም ሻለኝ ብላ ነው ያቋረጠችው። ሳትጨርሽ ልጅ የለም። ከጨረስሽም በኋላ ዓመት ይለፍሽ።»

እሳቸው በሚያውቁት ነቀርሳ ልክ ናቸው። አንዲት ቃል አልተሳሳቱም።

ዓመት ይለፍሽ። ይህን ቃል ከሰማሁ ጀምሮ ብርቱካኑም ሌላውም አልበላ አለኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ዓመት እኮ ምንም አይደለም፤ ሰው ዓመት ይጠብቃል።

መጋቢት 28

ዛሬ ሳልጠራ ወደ ዶክተር ዳኘው ሄድሁ። በሩን ዘግቼ ተቀመጥሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። መርፌው አያስፈልግም ያሉኝ ስለ ተሻለኝ ነው?»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። «ያልኩዎት አያስፈልግም ነው?»

«አያስፈልግም ነው ያሉኝ። ጨረሩንም፣ መርፌውንም።»

«ማለት የነበረብኝ አይጠቅምም ነው» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለቱንም ጊዜ አይጠቅምም ነው።»

አንድ ቃል ነው የተሳሳተው። እኔ ብሆን ወረቀቱን ከማሽኑ አውጥቼ ቀድጄ እንደገና እመታው ነበር። ተቀምጬ ሁለቱን ቃላት ሳመላልሳቸው ቆየሁ። መጀመሪያ ጨረሩ አይጠቅምም። ቀጥሎ መርፌው አይጠቅምም። እኔ በየተራቸው ደስ ብሎኛል። ለመጨረሻው ብርቱካን ገዝቻለሁ።

«ወገቤ ላይ ያለው እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ክረምቱን አያለሁ?»

«እንጃ» አለ። ሐኪም እንጃ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ልጅ መሰለኝ፤ አዘንሁለት።

ልወጣ ስል አንድ ነገር አስታወስሁ። «ይጋባል?» አልሁት።

«ምኑ?»

«የኔው ነቀርሳ።»

«ኧረ አይጋባም። ማን አለዎት?»

«ማንም» ብዬ ወጣሁ።

ለአምሐ ምንም መንገር አላስፈለገኝም፤ በሩን ስከፍት ነው ያወቀው። ማታ ወንበሩን ትቶ ሳንቃው ላይ አጠገቤ ተኛ። አዲስ አበባ መጋረጃው ጋ ሐኪሙ ምን እንዳለው አሁን ነገረኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብቻውን ይዞት ኖሯል። እኔ ደግሞ ፍራሹን እራገም ነበር።

ሚያዝያ 3፣ ቅዳሜ

ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ስሄድ ሊቀ መንበሩ «የጉዞው ምክንያት?» አለ። «ልጄ» አልሁ። ሻሼን አየና ሌላ ሳይጠይቅ ማኅተሙን መታው።

አምሐ መርከቧ ላይ ነው፤ ለፋሲካ እደርሳለሁ ብሏል። ብቻዬን ነው የምሄደው፤ እኔው ነኝ መናገር ያለብኝ። ኪኒን ውጬ አውቶቡስ ላይ ነኝ። ፊደሌ የሚዘለው መንገዱ ነው።

ሚያዝያ 4፣ ሆሳዕና፣ ይፋግ

ወለላ ዘንባባ ግንባሯ ላይ አስራ ከቤተ ክርስቲያን ስትመጣ አየችኝ። ሮጠች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት መንገዱ መካከል ቀጥ አለች።

«እማዬ፣ ጥርሴ ወለቀ» አለችኝ ከዚያው ሆና። አፏን ከፍታ አሳየችኝ።

«አየሁት። ማን አነሳሽ ስትወረውሪው?»

«እማሆይ።»

ቁመቷ ጨምሯል። ጉንጯ ሞልቷል፤ እማሆይ በደንብ ይዘዋታል። ልጄን በሚገባ ጠብቀው ይዘዋታል፣ ከኔ።

ሚያዝያ 5

ሕማማት ገባ። በዚህ ሳምንት ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ስለሰጠው ማንም ማንንም አይስምም፤ የቄስ መስቀል እንኳ አይሳለሙም። ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀኝ መጥቶ ከሩቅ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይሄዳል። መናገር ይከብዳል እንጅ ደስ አለኝ። በዚህ ሳምንት ሰው ሁሉ እንደኔ ነው።

እማሆይ ከንጋት እስከ ማታ ስግደት ላይ ናቸው። ሲመለሱ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። «ለምሕረትሽ ነው የምሰግደው» አሉኝ። ዛሬም ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ሚያዝያ 6

ነገርኋቸው። እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

ከስግደት ተመልሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ገና አልመሸም። ወለላ ግቢው ውስጥ በዘንባባዋ መሬት ትጠርጋለች። አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«እማሆይ፣ የኔው ነቀርሳ አይጋባም።»

«ማን አለ?»

«ሐኪሙ። ነቀርሳ ሁለት ነው። ወለተ ሩፋኤልን የያዛት የሚጋባው ነው። የኔው የማይጋባው ነው፤ ሳንባዬ ላይ ምንም የለም። ወለላ ያን ጊዜ ሁሉ አብራኝ ብትተኛ ምንም አትሆንም ነበር።»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ታዲያ ለምን አፍሽን ዘጋሽ? ልጅ ከእናቷ ለይቼ፣ ብርጭቆ ለይቼ፣ እያለቀሰች አውቶቡስ ላይ ጭኜ ስወስዳት ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ?» ተቆጡ። በልጅነቴ እንኳ እንደዚያ ተቆጥተውኝ አያውቁም። ቁጣው እንዳያልቅ ፈልጌ ነበር፤ እየተቆጡ ሳሉ ሌላውን አይጠይቁም።

አለቀ። ፊታቸው መለስ ሲል አየሁ። «ይሁን፣ ተመስገን ነው» አሉ። «እንግዲያው የተሻለው ነዋ የያዘሽ። የማይጋባው ይሻላል።»

ወደ ወለላ አየሁ።

«አይሻልም?»

ዝም አልሁ።

«መርፌውንስ ለምን ነው ያቋረጡት?»

«አይጠቅምም ብለው።»

እማሆይ ሻሼን አዩ፣ ክንዴን አዩ፣ የተቀመጥሁበትን አኳኋን አዩ፤ ወገቤን በእጄ ደግፌ ነበር የተቀመጥሁት። «አምሐ ያውቃል?» አሉኝ።

«ከኔ በፊት ያውቃል።»

መቁጠሪያው ከእጃቸው ወደቀ። ላነሳላቸው ጎንበስ ስል ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ሻሹን ፈቱት። ቆብ ከደፉ ጀምሮ አንዲት ሥርዓት ስታልፋቸው አላየሁም፤ በሕማማት ማክሰኞ፣ በአደባባይ በረንዳ ላይ፣ መላጣ አናቴን ሳሙኝ። ግንባሬን ሳሙኝ፣ ዐይኔን፣ ጉንጬን፣ አንገቴን ሳሙኝ። ድምፅ አላሰሙም። እኔ ነኝ ድምፅ ያሰማሁት።

ቀና ስል ወለላ ደረጃው ሥር ቆማ ታየናለች። ዘንባባው እጇ ላይ ነው። እማሆይን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና እማሆይን አየች።

«እማዬ» አለችኝ፤ «ዳንሽ እንዴ?»

እማሆይ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ቀና አሉ።

«ድናለች» አሉ። «ሂጅ፣ ሳሚያት።»

ወለላ ዘንባባዋን ጥላ ሮጣ መጣች።